ደን ውስጥ ነፍሳት የሚበሉ ወፎችን እንዴት ማየት ይቻላል?

ደን ገብቶ «ድምፅ እንጂ ወፍ የለም» ብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ወፎቹ ግን አሉ። ነፍሳት የሚበሉት ትናንሽ ናቸው፣ አንድ ቦታም አይረጉም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን የለመድኩትን ላካፍላችሁ።

ወፍ ሳይንጫጫ ድረሱ። ጃኬት ያዙ፤ ደማቅ ቀለም ግን ይቅርባችሁ።

የርቀት መነጽር ስትገዙ ወይም ስትዋሱ 8 በ42 የሚባለውን ምረጡ፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱም 42 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። ባለ 10ሩ ይበልጥ ያቀርባል፤ ነገር ግን የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል፣ የሚያሳየውም ቦታ ጠባብ ነው። ለደን 8 ይበቃል።

ትንሽ ገላጣ ቦታ ስታገኙ ጽድ ወይም ዝግባ ተደግፋችሁ ቁሙ። ወፎቹ ብዙ ጊዜ የተለያየ ዓይነት ሆነው ተቀላቅለው ይመጣሉ። አንዱ ያስበረገገውን ነፍሳት ሌላው ይለቅማል፤ ጭልፊት ቢመጣም ብዙ ዓይን ይጠብቃል። ስለዚህ ጭር ያለው ቦታ በአንዴ በወፍ ይሞላል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ያኔ ነው። ሁላችንም ቀድመን ቀለም እንፈልጋለን፤ ጥላ ውስጥ ግን ቀለም ያታልላል። አበላላቸውን እዩ።

አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና ድንገት ተወርውሮ ዝንብ ከአየር ላይ ይቀልባል። ብዙ ጊዜ ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ስለዚህ ሲበር አትከተሉት፤ መነጽሩን ከቅርንጫፉ ላይ ሳታነሱ ጠብቁት። ጀርባው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ከሆነ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚኖረውን ዝንብ ቀላቢ አይታችኋል ማለት ነው። ረጅም ጭራ ያለው ቀይ ቡናማ ወፍም የሚያድነው እንደዚሁ እየተወረወረ ነው።

ሌላው ከቅጠል ቅጠል እየዘለለ አባጨጓሬ ይለቅማል። ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅጠል ብቻ ከተነቃነቀ መነጽራችሁን ወደዚያ አዙሩ።

ግንደ ቆርቁር ከመታየቱ በፊት ይሰማል። የቅርፊት ፍርፋሪ ሲወርድ ካያችሁ ቀና በሉ። የደረቀ ግንድ ይወዳል፤ ውስጡ ትል አለ፣ ጎጆውንም ይፈለፍልበታል። ግንዱ ለማገዶ ሲነሳ ምግቡም ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል።

የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍተው የሚጠሩ አሉ። እኔ አልደግፈውም። ወፉ ባላንጣ የገባበት መስሎት ምግቡን ትቶ ይመጣል። ጫጩት የሚቀልብ ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ ይጠብቁታል።

ፀሐይ ስትበረታ ደኑ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ የየትኛውን ወፍ አበላል እንዳያችሁ ጻፉ፤ ስሙን ማታ ከመጽሐፍ ትፈልጉታላችሁ።