ከሪል ቴፕ ወደ ዲጂታል፦ የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ማኅደር አያያዝ

የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ደብሊው ኤች ኤ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ነው፤ ከዚያ በፊት 9ኤክስኤም በሚባል የሙከራ ፈቃድ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድሜ ጠገብ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ስትገቡ የጣቢያውን ታሪክ ከነዓመቶቹ ጽፋችሁ ያዙ። ለጌጥ አይደለም። ጣቢያው በ1931 ለትምህርት ቤቶች ማስተማር ሲጀምር የአሜሪካ ሬዲዮ ገና ቴፕ አያውቅም ነበር፤ ቴፕ የተስፋፋው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ «1938» የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ቴፕ ካገኛችሁ፣ ከዲስክ የተገለበጠ ቅጂ ነውና ዋናውን ዲስክ ፈልጉ። ስታገኙት ግን በተራ ማጫወቻ አትሞክሩት፤ የላከር ሽፋኑ ይላጣል።

ቴፑን በጎኑ ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካሳለፈ የተሠራበት ፕላስቲክ አሲቴት፣ ድፍን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። አሲቴት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለዩትና ቅድሚያ ስጡት። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ እንደ አምፔክስ 456 ያሉ ፖሊስተሮች ሌላ ጣጣ አለባቸው፦ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ስለሚሟሽሽ ሲጫወቱ ይጮኻሉ፣ ሄዱ (ቴፑን የሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ላይም ቡናማ ዝቃጭ ይተዋሉ። ወዲያው አቁሙ። መፍትሔው ሙቀቱ በማይዋዥቅ ማድረቂያ በ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ8 ሰዓት ያህል ማድረቅ፣ ያንኑ ያህል ማቀዝቀዝና ሳይውል ሳያድር መቅዳት ነው። የወጥ ቤት ምድጃ አይሆንም። አሲቴትን ደግሞ ፈጽሞ እንዳታሞቁ፤ ይበላሻል።

የተቆረጠ ቴፕ የተያያዘባቸውን የደረቁ መቀጠያዎች በአዲስ የቴፕ መቀጠያ ተኩ። የቢሮ ፕላስተር ሙጫው እየወጣ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል።

ከእያንዳንዱ ቴፕ በፊት ሄዱን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፤ ከዚያ አዚመቱን፣ ማለትም ሄዱ በቴፑ ላይ የሚያርፍበትን ማዕዘን፣ አስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ድምፅ ታፍኖ ሲሰማም ጥፋቱን በቴፑ ያላክካል። እያንዳንዱ ቴፕ የተቀዳበት ማሽን የሄድ አቅጣጫ የተለያየ ስለሆነ፣ በሞኖ እያዳመጣችሁ «ስ» እና «ሽ» ጥርት ብለው እስኪሰሙ ድረስ የሄዱን ብሎን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ።

ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 7.5 ኢንች ነው፤ 1200 ጫማ የሚይዝ ባለ 7 ኢንች ሪል በዚህ ፍጥነት 32 ደቂቃ ይሄዳል። ንግግሩ ከኋላ ወደ ፊት ከተሰማ ቴፑ ሳይጠነጠን የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ መልሱትና ሞክሩ። ቀጥተኛው ንግግር ሥር የተገለበጠ ድምፅ ከተሰማ ግን ቴፑ በሁለቱም አቅጣጫ ተቀድቶበታል፤ የቴፑን አንድ ግማሽ ብቻ የሚያነብ የግማሽ ትራክ ሄድ ያስፈልጋል።

በ96 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዋቭ በሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ቅዱ፤ የሞኖ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል አይለፍ። የቴፑን የ«ሽ» ድምፅ ማጽዳት ካማራችሁ በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ አይሁን። ስትጨርሱ ቴፑን በማጫወቻ ፍጥነት እንደተጠነጠነ፣ መጨረሻው ከላይ ሆኖ አስቀምጡት፤ የካርቶኑን ጽሑፍም ፎቶ አንስታችሁ ፎቶውን በፋይሉ ስም ሰይሙት።