ከድሬ ወደ ዳላስ፦ የሃይስኩል ፈተናና የትምህርት ቤት ደረጃ እንዴት ይነበባል?

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ድሬዳዋ ሄጄ፣ አንድ ከሰዓት ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ዳላስ ሊሄድ የተነሣው የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። ሊከራዩት ባሰቡት ቤት አጠገብ ያለው ሃይስኩል ከስቴቱ የትምህርት ቤት ደረጃ «ሲ» አግኝቷል። «አቦ፣ ልጄን እዚህ ነው የማስገባት?» አለኝ። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። ያን ቀን የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

እኛ ፈተና ሲባል የሚታየን የአሥራ ሁለተኛው ነው፤ ተማሪው ከቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደረ የሚፈተነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ያየ ወላጅ «ሲ» ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን ያ ፊደል የትምህርት ቤቱ ነው። የልጃችሁ ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገብ) ላይ አይሰፍርም።

ዳላስ ያለችበት ቴክሳስ ለትምህርት ቤቶቿ ከኤ እስከ ኤፍ ትሰጣለች። ለሃይስኩል የውጤቱ ነጥብ 40 በመቶ የሚመጣው ስታር ከሚባለው የስቴቱ ፈተና ነው፤ 40 በመቶው ለኮሌጅ፣ ለሥራ ወይም ለውትድርና ተዘጋጅተው ከወጡት፣ 20 በመቶው ከመቶው ስንቱ እንደተመረቀ። ልጆቹ ከነበሩበት ምን ያህል እንደተራመዱ ደግሞ ለብቻ ይለካል። ከውጤቱና ከመሻሻሉ ነጥብ የተሻለው የጠቅላላውን ደረጃ 70 በመቶ ይይዛል። ቀሪው 30 በመቶ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩትን ጨምሮ የየቡድኑ ተማሪዎች ውጤት ነው። ስለዚህ ፊደሉን አይታችሁ ገጹን አትዝጉ፤ ወርዳችሁ የመሻሻሉን ነጥብና የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን መስመር ፈልጉ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለእኛ ልጅ ብዙ አዲስ መጤ ተቀብሎ ያሳለፈ ባለ«ሲ» ትምህርት ቤት፣ አንድ የኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምር) መምህር ብቻ ካለው ባለ«ኤ» ይሻላል። ሜሪላንድ ለምትገቡ ደግሞ ፊደል የለም፤ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ነው። የቤት ኪራይ ድረ ገጾች ላይ የምታዩት ከ1 እስከ 10 ያለው ቁጥር ግን የመንግሥት ደረጃ አይደለም።

የልጁ የራሱ ፈተና ሌላ ነው። በቴክሳስ ለመመረቅ አሁን አምስት ፈተና ማለፍ ይጠበቃል፦ አልጀብራ 1፣ እንግሊዝኛ 1 እና 2፣ ባዮሎጂ፣ የአሜሪካ ታሪክ። የወደቀ ደግሞ ይፈተናል፤ እንደኛ አገር በአንድ ሳምንት ሁሉም ነገር አይቆረጥም። ይህን ፈተና የሚተካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2025 ስለወጣ ልጃችሁን የትኛው እንደሚመለከተው ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች አማካሪ) ጠይቁ። የውጤት ወረቀቱ ላይ «አፕሮችስ» የሚል ካያችሁ ልጁን አትቆጡ። ቃሉ «እየተቃረበ ነው» ማለት ስለሆነ ብዙ ወላጅ ወደቀ ብሎ ይረዳዋል፤ ማለፊያው ግን እሱ ነው። ከሱ በላይ «ሚትስ» እና «ማስተርስ» አሉ።

ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። ልጄ ወደ ኋላ እንዳይቀር ብሎ «እንግሊዝኛ» የሚሞላ አባት አውቃለሁ፤ ልጁ ያለ ምንም እርዳታ ክፍል ገብቶ አንድ ዓመት ዝም ብሎ ተቀመጠ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ ያለውን ጻፉ። የእንግሊዝኛ ድጋፍ የሚጀምረው ከዚያ ቅጽ ነው። ስብሰባ ሲጠሯችሁም አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፣ ልጃችሁን አታስተርጉሙት።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ያልኩት፣ ከድሬ ሳይወጣ የልጅቷን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ካርድ ማኅተም አስመትቶ፣ በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ፣ በእጅ ሻንጣ እንዲይዝ ነው። ታላቅ ልጅ ላላችሁ የዘጠነኛና የአሥረኛው የበለጠ ያስፈልጋል፤ ለመመረቅ የሚያስፈልገው ክሬዲት (የተማረው ትምህርት ነጥብ) የሚቆጠርለት በዚያ ነው። ወረቀቱ ከሌለ ዘጠነኛን እንደገና ሊያስጀምሩት ይችላሉ።