ለገና ያጌጠው የጎማ ዛፍ ቅጠሉን ማርገፍ ሲጀምር

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው አፓርታማችን ለገና ጽድ ቆርጦ ማስገባቱን ትተን ሳሎን ውስጥ ያደገውን የጎማ ዛፍ ለማስጌጥ የወሰንነው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነበር። መትከያውን በሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ስጦታ መጠቅለያ ሸፍነን፣ በረዶ እንዲመስል ቅጠሎቹ ላይ ጥጥ በትነን፣ ባለ ትንንሽ አምፖሉን የድሮ መብራት ግንዱ ላይ ጠመጠምንበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይረግፉ ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የውኃ ማነስን ስለነበር ጨመርኩበት፤ ይህም ነገሩን አባባሰው። በኋላ መትከያውን ብድግ ሳደርገው መጠቅለያው ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ውኃ አቁሮ አገኘሁት፤ ሽታውም ቀናት የቆየ የአበባ ውኃ ሽታ ነበር። ውኃው ከታች ባሉት ቀዳዳዎች መውጣት ሲያቅተው አፈሩ ውስጥ አየር ይጠፋና ሥሩ መበስበስ ይጀምራል።

መጠቅለያውን ከታች በኩል ቆርጬ አንስቼ፣ ከሥሩ ሰሃን አድርጌ፣ አፈሩ ከላይ ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ድረስ ውኃ ሳላጠጣ ቆየሁ። ልጆቹ ቅር ቢላቸውም፣ ጥጡ ብርሃን ስለሚከልል አነሣሁት። የድሮዎቹ አምፖሎች ስለሚሞቁ በኤልኢዲ ተክቼ፣ መብራቱን ከግንዱ ጋር ሳይሆን አፈሩ ውስጥ ከተከልኳቸው ሦስት የቀርከሃ እንጨቶች ጋር አሰርኩት። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ቅጠሉ መርገፉን አቁሞ፣ ጫፉ ላይ በቀይ ሽፋኑ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ብቅ ብሎ ነበር።