ስለ ክለብዎ የክረምት ዝውውር ሲከራከሩ ከሄዱት ይጀምሩ

የውድድር ዓመቱ ተጠናቅቆ የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት የደጋፊዎች ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከመጡት ተጫዋቾች ነው። እገሌ ፈረመ፣ እገሌ በዚህን ያህል ሚሊዮን ተገዛ፣ ተቀናቃኛችን አራት ሲያመጣ እኛ አንድ ብቻ አመጣን እየተባለ ስም በስም ላይ ይደረደራል። እንዲህ የተጀመረ ክርክር ብዙ የተጫዋች ስም የሚያውቅ ወይም ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው የሚረታበት ይሆንና፣ ቡድኑ በመጪው ዓመት ምን ሊመስል እንደሚችል ማንም ሳያውቅ ይበተናል። የዚህ መመሪያ ምክር አንድ ነው፤ የክለብዎን ዝውውር ለመመዘን ሲፈልጉ ከሄዱት ተጫዋቾች፣ ይልቁንም የሄዱት ይሠሩት ከነበረው ሥራ ይጀምሩ። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ብዙዎቻችን በቅርብ ከምንከታተለው ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዘጋጁ። በፕሪሚየር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 38 ጨዋታ ያደርጋል፤ አንድ ተጫዋች ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢሰለፍ 3,420 ደቂቃ ይጫወታል፤ የ11ዱ ቦታ ሲደመር ደግሞ ክለቡ በሊጉ ብቻ መሙላት ያለበት 37,620 ደቂቃ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ባለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደተሰለፈ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ስሞቹን ከነደቂቃቸው ወደ ታች ይጻፉና የሄዱትን ይሰርዙ። የግራ መስመር ተከላካዩ 2,700፣ አማካዩ 1,900፣ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሣ የሚገባው የክንፍ ተጫዋች 800 ደቂቃ ተጫውተው ሄደዋል እንበል። ባዶ የቀረው 5,400 ደቂቃ ነው፤ ይህም የአንድ ሰው 60 ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው። ከጎኑ ሌላ ዓምድ ያስምሩና ይህን ባዶ ማን እንደሚሞላው ይጻፉበት። የመጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን ከ3,420 በላይ ሊሞላ አይችልም፤ ስለዚህ የተረፈውን የሚወስደው ከውሰት የተመለሰው ወጣት ነው፣ ወይስ አምና ወንበር ላይ የከረመው ሰው ነው የሚለው ጥያቄ ስም ተጽፎበት መመለስ ይኖርበታል።

በዚሁ ወረቀት ላይ ያልሄዱትንም ይመልከቱ። በ33 ዓመቱ 3,100 ደቂቃ የተጫወተ የመሐል ተከላካይ ዘንድሮም ያንኑ ያህል ይሰለፋል ብሎ ማሰብ ድፍረት ነው። ክለብዎ ወደ ቻምፒየንስ ሊግ አልፎ ከሆነ ደግሞ፣ ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር በሊግ ምዕራፉ ብቻ 8 ጨዋታ ስለሚጠብቀው፣ ከማጣሪያና ከጥሎ ማለፍ ውጭ ሌላ 7,920 የተጫዋች ደቂቃ ይጨመራል። ማንም ሳይሸጥ፣ አንድም ሰው ሳይጎድል ቡድኑ ሊሳሳ ይችላል ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ጥሩ ውጤት ያመጣ ቡድን ይህን ያህል መግዛት ለምን አስፈለገው ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይገኛል።

ደቂቃው ከተቆጠረ በኋላ ወደ ሥራው ይለፉ። በእያንዳንዱ የሄደ ተጫዋች ስም ትይዩ፣ የሚጫወትበትን ቦታ ሳይሆን ለቡድኑ ያደርግ የነበረውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «አማካይ ነበር» ማለት አይበቃም፤ «ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ወደ ፊት ሲሄዱ ከኋላቸው የሚከፈተውን ቦታ ይሸፍን ነበር» ሲባል ግን ምን እንደጎደለ ይታያል። ሌስተር ሲቲ በ2015/16 በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ሲሆን ጎል የሚያስቆጥሩት ጄሚ ቫርዲና ሪያድ ማህሬዝ ስለነበሩ፣ በ2016 ክረምት ሁለቱ በክለቡ መቆየታቸው ለብዙ ደጋፊ በቂ መስሎ ነበር። የሄደው አማካዩ ንጎሎ ካንቴ ነው፤ በ32 ሚሊዮን ፓውንድ ቼልሲ ገዛው። በቀጣዩ ዓመት ሌስተር በ44 ነጥብ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አሠልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪም በየካቲት 2017 ተሰናበቱ፤ ቼልሲ ደግሞ ካንቴን ይዞ ዋንጫውን አነሣ። ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ መጫን ትክክል አይሆንም፤ ሌስተር በዚያ ዓመት በቻምፒየንስ ሊግ እስከ ሩብ ፍጻሜ የተጓዘ በመሆኑ ድካሙም ነበረበት። ነገር ግን ኳስ እየነጠቀ ለቫርዲ ሩጫ መነሻ የሚሆነው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያ ክረምት ከተጠየቀ፣ ስጋቱን ገና ውድድሩ ሳይጀመር ማየት ይቻል ነበር።

መተካት ሲባልም ሰው በሰው ማለት ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ቶተንሃም በ2013 ክረምት ባለፈው ዓመት በሊጉ 21 ጎል ያስቆጠረለትን ጋሬዝ ቤልን የዓለም ክብረ ወሰን በሆነ ዋጋ ለሪያል ማድሪድ ሸጦ፣ በገንዘቡ ፓውሊንሆን፣ ሻድሊን፣ ሶልዳዶን፣ ካፑን፣ ኪሪኬሽን፣ ላሜላንና ኤሪክሰንን አስፈረመ። በዚያን ጊዜ አንድ የቶተንሃም ደጋፊ ወዳጄ «አንድ ሰጥተን ሰባት ተቀበልን» እያለ ሲከራከር፣ እኔም ስሌቱ ትክክል መስሎኝ ተስማምቼ ነበር። ሁለታችንም ያልጠየቅነው፣ ጨዋታው ሲጠብና ሰዓቱ ሲያልቅ ብቻውን ኳስ ይዞ ሄዶ ጎል የሚያገባው ሰው ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ ነው። አሠልጣኙ አንድሬ ቪላስ-ቦአስ በታኅሣሥ ወር በሊቨርፑል 5 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ ተሰናበቱ፤ ቡድኑም ከ5ኛ ወደ 6ኛ ወረደ። ከሰባቱ መካከል ኤሪክሰን እስከ ጥር 2020 ድረስ የክለቡ የፈጠራ ምንጭ ሆኖ መቆየቱን ግን አብሮ መናገር ይገባል።

ከዚህ በተቃራኒ ሊቨርፑል በጥር 2018 ፊሊፔ ኩቲንሆን ለባርሴሎና ሲሸጥ በእርሱ ቦታ የሚጫወት ሌላ ኩቲንሆ አልገዛም። በዚያው የጥር መስኮት ተከላካዩን ቨርጂል ቫን ዳይክን በ75 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በክረምቱ ደግሞ ግብ ጠባቂውን አሊሰንን አመጣ። ኩቲንሆ ይሠራው የነበረው የጎል ዕድል የመፍጠር ሥራ በአብዛኛው ወደ መስመር ተከላካዮቹ ሄደ፤ በ2018/19 ትሬንት አሌክሳንደር-አርኖልድ 12፣ አንዲ ሮበርትሰን 11 ለጎል የሚሆን ኳስ በሊጉ አቀበሉ፤ ቡድኑ 97 ነጥብ ሰበሰበ፤ ቻምፒየንስ ሊጉንም አሸነፈ። ኩቲንሆን በማን ተካነው ብሎ አንድ ስም ሲፈልግ የነበረ ደጋፊ በዚያ ዓመት መልስ አያገኝም ነበር፤ የኩቲንሆን ሥራ ማን ይሠራዋል ብሎ የጠየቀ ግን ያገኘው ነበር።

ሌላው በወረቀቱ ላይ መታየት ያለበት፣ አንድ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። ማንቸስተር ሲቲ ከ2021 እስከ 2024 አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በመስከረም 2024 ከተከላካዮች ፊት የሚሰለፈው አማካይ ሮድሪ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ሲወጣ የእርሱን ሥራ የሚወስድ ሰው አልነበረውም፤ ኒኮ ጎንዛሌዝ ከፖርቶ እስኪመጣ ድረስ ወሩ የካቲት 2025 ሆኖ ነበር፤ ዓመቱም በ3ኛ ደረጃ ተፈጸመ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቋሚ ተሰላፊ ስም በታች የሁለተኛውን ስም ይጻፉ። ባዶ የሚቀረው መስመር ክለብዎ መግዛት የሚኖርበት ቦታ ነው፤ በዜና የሚነሣው ስም ከዚያ መስመር ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ስሙ ቢያስደስትዎትም ጉድለቱን አይሸፍንም።

ገንዘቡን በሚመለከት ደጋፊዎች ከሁሉ በላይ የሚጋጩት፣ ክለቡ ያሳደገውን ልጅ ለምን ሸጠ በሚለው ላይ ነው። ለመረዳት የሒሳብ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ክለብ ተጫዋች በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ቢያስፈርመው፣ ወጪው በመዝገቡ ላይ በዓመት 12 ሚሊዮን እየሆነ ይከፋፈላል። ከሁለት ዓመት በኋላ በመዝገብ ላይ የሚቀረው ዋጋ 36 ሚሊዮን ነው፤ ያን ጊዜ በ40 ሚሊዮን ቢሸጥ ትርፉ 4 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ከልጅነቱ በክለቡ ማሠልጠኛ ያደገው ልጅ ግን የግዢ ዋጋ ስለሌለው፣ በ40 ሚሊዮን ሲሸጥ 40ውም ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል። ቼልሲ በ2023 ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገውን ሜሰን ማውንትን ለማንቸስተር ዩናይትድ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ፣ በመዝገቡ ላይ የነበረው ክብደት ከዋጋው በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሽያጩን መውደድ ግዴታ አይደለም፤ እኔ በግሌ ደጋፊው ከሠፈሩ ልጅ ያህል የሚያውቀውን ተጫዋች መሸጥ ለቡድኑ መንፈስ ትልቅ ጉዳት አለው እላለሁ። ይሁን እንጂ ክርክሩ «ባለቤቶቹ ፍቅር የላቸውም» ከሚለው ወጥቶ «በዚህ ትርፍ የተገዛው ሰው የትኛውን ሥራ ሸፈነ» ወደሚለው መምጣት አለበት።

የሒሳብ ደንቡ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ኤቨርተን በኅዳር 2023 አይቶታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተፈቀደው 105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በመክሰሩ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ ተደረገለት። ስለዚህ «ገንዘቡ አለ፤ ለምን አይገዙም?» ለሚል ወዳጅዎ፣ ገንዘብ መኖሩና ገንዘቡን ማውጣት መፈቀዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በትዕግሥት ያስረዱት።

የስም ዝርዝሩ ደንብም አለ። በፕሪሚየር ሊግ የሚመዘገበው ቡድን እስከ 25 ሰው ሲሆን፣ በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ ያላደጉት ከ17 መብለጥ የለባቸውም፤ ከ21 ዓመት በታች የሆኑት ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። «ያደገ» የሚያሰኘው 21 ዓመት ሳይሞላው ሦስት ዓመት በዚያ መመዝገቡ እንጂ ዜግነቱ አይደለም፤ ስፔናዊው ሴስክ ፋብሬጋስ በ2014 ከባርሴሎና ወደ ቼልሲ ሲመጣ በአርሴናል ስላደገ ካደጉት ተቆጥሯል። ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ሆኖ የተገዛ የ35 ዓመት እንግሊዛዊ ሲያዩ ከመናደድ በፊት ይህን ቁጥር ይመልከቱ።

ስለ ጊዜ ባጭሩ፦ ዋጋን ከተገዛበት ቀን ጋር ያያይዙት። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2013 ማርዋን ፌላይኒን በመስኮቱ የመጨረሻ ቀን በ27.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በሐምሌ መጨረሻ ጊዜው ያለፈበት የውል ማፍረሻ፣ ማለትም ክለቡ ተጫዋቹን እንዲለቅ የሚያስገድደው ክፍያ፣ ግን 23.5 ሚሊዮን ነበር። የዘገየ ግዢ ሁሉ ግን መጥፎ አይደለም። አርሴናል በነሐሴ 2011 በኦልድ ትራፎርድ 8 ለ 2 ከተሸነፈ በኋላ በቀሩት ጥቂት ቀናት ሜርተሳከርንና አርቴታን አስፈርሞ፣ ዓመቱን በ3ኛ ደረጃ ጨርሷል።

ወደ ክርክሩ ሲገቡ፣ «ጥሩ ተጫዋች ነው?» የሚለውን ጥያቄና «ለእኛ ይጠቅመናል?» የሚለውን ጥያቄ ለየብቻ ይያዙ። ብዙ ጠብ የሚነሣው አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን እየመለሰ ስለሆነ ነው። ተከራካሪዎ አዲሱን ተጫዋች ሲነቅፍም ወዲያው ከመከላከል ይልቅ «በእርሱ ቦታ ማንን ትመርጥ ነበር? ያ ሰውስ ይሸጥ ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ ያልተሸጠ ተጫዋችን ከተገዛው ጋር ማወዳደር ለማንም አይረዳም። ዋጋ ሲጠቅሱ ደግሞ መነሻውን ከመነሻ፣ ከነጭማሪው ያለውን ከነጭማሪው ጋር ብቻ ያነጻጽሩ፤ የዴክላን ራይስን ዝውውር አንዱ 100፣ ሌላው 105 ሚሊዮን ሲል ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ 5 ሚሊዮኑ ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ የሚከፈል ጭማሪ መሆኑ ነው።

በመጨረሻም የእርስዎን ግምት ከነቀኑ በወረቀቱ ግርጌ ያስፍሩ፦ የትኛው ሥራ ተሸፍኗል፣ የትኛው ባዶ ነው፣ ባዶ የቀረውን ማን ይወስደዋል ብለው እንደገመቱ። ወረቀቱን እስከ ጥር ድረስ አይፍረዱበት። ሮበርትሰን በ2017 ክረምት ከወረደው ከኸል ሲቲ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቋሚ አልነበረም፤ ቦታውን ያገኘው አልቤርቶ ሞሬኖ ሲጎዳ ነው። በጥቅምት ወር ስሙን የሰረዘ ደጋፊ በግንቦት የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ በግራ መስመር ተሰልፎ አይቶታል። ጥር ሲገባ ወረቀቱን ያውጡ፣ በደቂቃ ዓምዱ ላይ እስከዚያ የተሰለፉበትን ቁጥር ይሙሉ፣ ከወዳጅዎ ወረቀት ጎን ያስቀምጡትና የመጀመሪያውን ስም ያንብቡ።