«ምንም ሳላደርገው መጣብኝ»፦ የማይንክራፍት ገለልተኛ ፍጡራን ሲነሱባችሁ

ማይንክራፍት በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ላምና በግ ሲመቷቸው ይሸሻሉ፤ ዞምቢና ክሪፐር ያዩትን ሰው ይከተላሉ። በሁለቱ መሃል ካልነኳቸው የማይነኩ፣ ገለልተኛ የሚባሉ ፍጡራን አሉ። ሰው የሚሸወደው በእነሱ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው ትንኮሳ ብሎ የሚቆጥረው ሰይፍ መምዘዝን ብቻ አይደለም። አተኩሮ ማየት፣ ሣጥን መክፈት፣ ማር መቁረጥም ያጣላል። ስለዚህ አንዱ ድንገት ሲነሳባችሁ መጀመሪያ አስታውሱ፦ ከሁለት ሰከንድ በፊት እጄና ዓይኔ የት ነበሩ? ከዚህ በታች የምጽፈው ጃቫ ኤዲሽን ስለሚባለው የጨዋታው እትም ነው፤ ቤድሮክ በሚባለው ሌላው እትም ላይ አንዳንዱ ይለያል።

ሌላ ጭራቅ እየመታሁ የዞምቢ ፒግሊን መንጋ ተነሳብኝ

ዞምቢ ፒግሊን ኔዘር በሚባለው የጨዋታው የእሳት ዓለም የሚኖር ገለልተኛ ፍጡር ነው። ሲነሳባችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሰይፉ ነው። ከጨዋታው ስሪት 1.9 (2016) ጀምሮ ሰይፍ ኃይሉን ሞልቶ፣ መሬት ላይ ቆማችሁ ስትመቱበት ነጭ ቅስት እየሳለ ከዒላማው አጠገብ ያሉትንም ይጠርጋል። ማግማ ኪዩብ የሚባል ጭራቅ መትታችሁ ጎኑ የቆመ ዞምቢ ፒግሊን ትንሽ ከተጫረ፣ መታችሁት ማለት ነው። አንዱ ከተነካ ደግሞ በዙሪያው ያሉት ሁሉ አብረው ይነሳሉ።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ እነሱ ባሉበት ቦታ በመጥረቢያ ተዋጉ፤ መጥረቢያ አይጠርግም። ሰይፍ ብቻ ካላችሁ እየዘለላችሁ ወይም እየሮጣችሁ ምቱ፤ ያኔም አይጠርግም። ውሻ አስከትላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ አስቀምጡት፤ እናንተ የመታችሁትን ሁሉ እሱም ይነክሳል፣ ኔዘር ውስጥ ደግሞ ብዙም አይቆይም።

ከተነሱ በኋላ መዋጋት አያዋጣም። እያሳደዷችሁ ሳሉ ቁጣቸው አይበርድም፤ ካጧችሁ በኋላ ግን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይረሱታል። ጥግ ዙሩ፣ በኮብልስቶን (የድንጋይ ብሎክ) ራሳችሁን ዝጉ፣ ጠብቁ። መዝጋቱ የምር ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የሚያያችሁ እስካለ ድረስ ሌሎቹን ይጠራል።

«ሞቼ ዕቃዬን ልወስድ ብመለስም አሁንም ያሳድዱኛል» የሚል ካለ፣ የሰርቨሩን ደንብ ይመልከት። ከ1.16 (2020) ጀምሮ «ፎርጊቭ ዴድ ፕሌየርስ» የሚባል ደንብ አለ፤ ሲጀመር በርቶ ነው የሚመጣው፣ ስትሞቱም በአቅራቢያ ያሉት ይቅር ይሏችኋል። አንድ ሰው አጥፍቶት ይሆናል። ጓደኛችሁ መትቶ እናንተም የምትሳደዱ ከሆነ ደግሞ «ዩኒቨርሳል አንገር» በርቷል፤ እሱ ሲጀመር ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም በጌምሩል (የጨዋታውን ደንብ በሚቀይረው) ትዕዛዝ መልሱ።

ወርቅ ለብሻለሁ፣ ፒግሊኖቹ ግን አጠቁኝ

ፒግሊን የሚባሉት የኔዘር አሳማ መሳይ ፍጡራን ወርቅ የለበሰን ሰው አይነኩም። ታዲያ ለምን አጠቁ? ይሄ ሦስት መልስ አለው፤ እንደ አመጣጡ እንፈትሽ።

መጀመሪያ ልብሱ አሁንም አላችሁ? ፒግሊን ከአራቱ የጥሩር ክፍሎች አንዱ የወርቅ ከሆነ ይበቃዋል፤ ወርቅ ግን ቶሎ ያልቃል። የራስ ቁሩ እስኪሰበር የሚችለው የጉዳት ነጥብ 77 ነው፣ ጫማው 91። በሌላ ጠብ መሃል ተሰብሮ ሳታስተውሉ ቀርታችሁ ይሆናል። እኔ ጫማውን እመርጣለሁ፤ ከቁሩ ይቆያል፣ በራሴም ላይ የዳይመንዱን ቁር እንዳደረግኩ እቀራለሁ። አንብሬኪንግ (ዕቃ ቶሎ እንዳያልቅ የሚያደርግ አስማት) ከጨመራችሁበት ደግሞ የተሻለ።

ሁለተኛ፣ ሣጥን ወይም በርሜል ከፍታችኋል? ወርቅ ቆፍራችኋል? እነዚህን ወርቅ ለብሳችሁም አይታገሡም። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ሣጥን ስትከፍቱ የሚቆጡት የሚያዩዋችሁ ብቻ ናቸው፤ የወርቅ ማዕድን ወይም የወርቅ ብሎክ ስትሰብሩ ግን በአቅራቢያ ያሉት ባያዩም ይቆጣሉ። ስለዚህ ለሣጥን ዙሪያችሁን በብሎክ መክበብ ያዋጣል። ለወርቅ ቁፋሮ ግን ግድግዳ አያድንም፤ አካባቢው ባዶ እስኪሆን ጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ምናልባት ፒግሊን ብሩት ነው። ባስቲዮን (ኔዘር ያለ የፒግሊኖች ምሽግ) ውስጥ የሚገኘው ይሄኛው መጥረቢያ ይይዛል፣ ወርቅም አያባብለውም። ሽሹ።

ኢንደርማን ከሩቅ ጮኾ መጣ

ኢንደርማን ፊቱን ሲያዩት የሚቆጣ ረጅም ጥቁር ፍጡር ነው። ከሩቅ ከመጣ ማነጣጠሪያችሁ ጭንቅላቱ ላይ አርፏል። እስከ 64 ብሎክ ድረስ ይሰማዋል፤ አድማስ እያያችሁ ስትሄዱ ሳታውቁት የሚሆነውም ለዚህ ነው። እነሱ ባሉበት ዓይናችሁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጉ፣ ወይም የተቀረጸ ዱባ ራሳችሁ ላይ አድርጉ፤ ዱባው እይታ ይጋርዳል እንጂ ይሠራል። ከመጣባችሁ ፍላጻ አትጨርሱ፣ ይሰወራል። ቁመቱ ወደ ሦስት ብሎክ ስለሆነ ሁለት ብሎክ ከፍታ ያለው ጣሪያ ሥር ገብታችሁ እግሩን ምቱት። ባልዲ ውኃ እግራችሁ ሥር ማፍሰስም ያባርረዋል፤ ውኃ ይጎዳዋል።

ማር ስቆርጥ ንቦቹ ነደፉኝ

ጭስ የለም። የሚነድ ካምፕፋየር (የካምፕ እሳት) ከቀፎው ሥር እስከ አምስት ብሎክ ዝቅ ብሎ፣ በመሃሉ ምንም ሳይጋርደው መኖር አለበት። እሳቱ ንቦቹን ራሳቸውን እንዳይፈጅ ላዩን ምንጣፍ ጣል ማድረግ ይቻላል፤ ምንጣፉ ከእሳቱ ላይ በቀጥታ ካረፈ ጭሱን አይከለክልም። ጭስ የሚያስቸግር ከሆነ መቀሱን ዲስፔንሰር (ውስጡ ያለውን ዕቃ በራሱ የሚጠቀም ብሎክ) ውስጥ አድርጉት፤ በእሱ ሲቆረጥ አይቆጡም። ቀፎውን ማዛወር ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ማታ ሁሉም ሲገቡ በሲልክ ተች (ብሎክን እንዳለ በሚያነሳ አስማት) ንቀሉት። አንዴ የነደፈች ንብ ትሞታለችና ጠቡ ለእናንተም ኪሳራ ነው።

የመንደሩ የብረት ጎለም ጠላኝ

የብረት ጎለም የመንደርተኞች ጠባቂ ነው። ከጠላችሁ ወይ እሱን መታችሁታል፣ ወይ መንደርተኛ ገድላችኋል፣ ወይ መንደርተኛ ደጋግማችሁ መታችኋል። ለመገበያየት ስትሞክሩ የተሳሳተውን የማውስ ቁልፍ መጫን አንዴ አያጣላም፤ ሲደጋገም ግን ወሬው ከመንደርተኛ መንደርተኛ ይዛመታል። ጎለሙ ሳይነሳ በፊት ምልክቱ ዋጋ ላይ ይታያል፦ ትናንት በትንሽ ኤመራልድ የሸጠላችሁ ዛሬ ካስወደደ ስማችሁ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስም በጊዜ ብዛት ይመለሳል። ማፋጠን ከፈለጋችሁ ዞምቢ የሆነ መንደርተኛ በዊክነስ ፖሽን (አቅም በሚያዳክም መድኃኒት) እና በወርቅ ፖም አድኑ። ጎለሙ 100 ጤና ስላለው ፊት ለፊት አትግጠሙት። ራሳችሁ የሠራችሁት ጎለም ግን ብትመቱትም አይመታችሁም።

ሌሎች ሁለት

ተኩላ አንዱ ሲመታ መንጋው ይነሳል፤ ማላመድ ከፈለጋችሁ እጃችሁ ላይ አጥንት ብቻ ይኑር፣ ሰይፍ አይሁን። የዋልታ ድብ ምንም ሳትነኩት ከመጣባችሁ ግን ግልገል አጠገቡ አለ፤ ከበረዶው ጀርባ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ግልገሉን ፈልጋችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ ሂዱ።