አዲስ የተመሠረተች ከተማ እንዴት ትተዳደር? ነዋሪዎች ደረጃ በደረጃ የሚወስኑት

መንገድ ዳር የነበረች የገበያ መንደር ወፍጮ ቤት፣ ሻይ ቤቶች፣ ብረት በያጆችና ባለ አንድ ፎቅ ሆቴል ስታፈራ ነዋሪው የከተማነት ጥያቄ ያነሳል። ወዲያው የሚከተለው ክርክር ከንቲባው ማን ይሁን የሚለው ነው። ይህን ክርክር አቆዩት። አስቀድሞ የሚወሰነው ሥራውን፣ ገንዘቡንና ከሁሉም በላይ መሬቱን ማን እንደሚይዝ ነው።

መስፈርቱን ማሟላታችሁን አረጋግጡ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ከሠራተኛው ኃይል 50 በመቶው በዋናነት ከግብርና ውጪ የሚተዳደርበትን አካባቢ ነው። የእድሮች መዝገብ ለቆጠራው ጥሩ መነሻ ይሆናል። ከዚያ የክልላችሁን የከተሞች አዋጅ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50(4) መሠረት የአስተዳደር እርከኖችን የሚያዋቅሩት ክልሎች ስለሆኑ ደረጃው ከክልል ክልል ይለያያል። ይኸው አንቀጽ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥም ያዛል። ከወረዳው ጋር ስትነጋገሩ ይህን አንቀጽ በእጃችሁ ያዙት።

ሥራዎቹን በሁለት ዓምድ ጻፉ። ትምህርት፣ ጤናና ፖሊስ ከመንግሥታዊ ተግባራት ይመደባሉ። ገበያ፣ ቄራ፣ የቆሻሻ መድፊያ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የመቃብር ቦታ ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ሥራ ፊት ኃላፊውን ጻፉ። ለምሳሌ የቅዳሜ ገበያ ሲበተን የጫት ገረባውንና የሽንኩርት ልጣጩን ማን ያነሳል? ከሻጮች የሚሰበሰበው ክፍያ ደረሰኝ አለው? ገንዘቡ የሚገባው ወደ ወረዳው ነው ወይስ ወደ ከተማዋ የባንክ ሒሳብ? መልስ ያጣችሁበት መስመር ሁሉ ነገ የጠብ ምንጭ ነው።

አቅማችሁን የሚመጥን ቅርጽ ምረጡ። በወረዳው ሥር የሚሠራ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ መጀመር አንዱ መንገድ ነው። ሌላው የራስ ምክር ቤትና ከንቲባ፣ ከዚያም የዕለት ተዕለት አገልግሎቱን የሚመራ ሥራ አስኪያጅ ያለው የከተማ አስተዳደር ነው። ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት በአብዛኛው የሚሸፈነው ከከተማዋ የራስ ገቢ ስለሆነ የአንድ ዓመት ገቢና ወጪ አስቀድማችሁ አስሉ። ደመወዝ ተከፍሎ ለጠጠርና ለቦይ የማይተርፍ ከሆነ ሙሉ አስተዳደር መጠየቅን አልደግፍም፤ ማዕረጉ ሊያኮራ ይችላል፣ ጭቃው ግን እዚያው ይቆያል።

የመሬቱን አሠራር ሹመት ሳይሰጥ አጽድቁ። አዲስ ከተማ የሚድነውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የከተማ ቦታ የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በሕግ በተፈቀደ ውሳኔ ነው። በዝምድና የሚሰጥ ቦታ ሕግ አያውቀውም። ስለዚህ ፕላኑ ይቅደም፤ የመንገዱ ስፋት፣ የቦዩ መስመር፣ የገበያውና የትምህርት ቤቱ ቦታ ችካል ሳይመታላቸው ለማንም ቦታ አይቆረጥ። ቦታ የጠየቁና ያገኙ ሰዎች ዝርዝር ከነስፋቱ በገበያው መግቢያ ላይ ይለጠፍ። የቦታ ጥያቄ ከሚያየው ኮሚቴ ራሱ ወይም ዘመዱ ቦታ የጠየቀ አባል ጉዳዩ ሲታይ ከስብሰባው ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

በከተማዋ ዳር ያሉትን አርሶ አደሮች ደግሞ አትርሱ። ከተማ ሲሰፋ የሚቆረሰው የእነርሱ ማሳ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው ተነብቦ ይገለጽላቸው፤ በምክክሩም ድምፅ ይኑራቸው። ማሳውን ያጣ ሰው ስለ ከተማዋ የሚሰማው ከቀያሹ አፍ መሆን የለበትም።

ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ። በገበያ ቀን አታድርጉት፤ ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶች ሊቀሩ ይችላሉ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ወጣቶችና ተከራዮችም ይናገሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል በግልጽ ይነገር። የተፈረመው ቃለ ጉባኤ፣ ቆጠራውና የበጀት ስሌቱ በወረዳው በኩል ለክልሉ ይቀርባል፤ ደረጃውን የሚሰጠው ክልሉ ነው።

ፈቃዱ ሲመጣ ርክክቡን አታቻኩሉ። የይዞታ ፋይሎች፣ የቀበሌ ቤቶች፣ ያልተሰበሰበ ገቢና ያልተከፈለ ዕዳ አንድ በአንድ ተቆጥረው ወረዳውና አዲሱ አስተዳደር ይፈራረሙባቸው። ይህ እስኪያልቅ ድረስ አዲስ የቦታ ጥያቄ አይስተናገድ።