ዲሽን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ማዞር፦ ሁለት ቅዳሜ የፈጀብኝ ነገር

ናይልሳት ላይ የኖረ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ካለዎት፣ ወደ ኢትዮሳት (57 ዲግሪ ምሥራቅ) ለማዞር ብዙውን ጊዜ ምንም መግዛት አያስፈልግም። መፍቻ፣ ውኃ ልክ፣ እንዲሁም ከነሪሲቨሩ ዲሹ አጠገብ የሚቀመጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ይበቃል። የሚጮኸውን ርካሽ ፋይንደር (የሲግናል መፈለጊያ) አልመክርም፤ ሲግናል መኖሩን እንጂ የየትኛው ሳተላይት እንደሆነ አይነግርዎትም።

ምሰሶው ቀጥ ማለቱን በውኃ ልክ ያረጋግጡ። ኬብል ከመንቀልዎ በፊት ሪሲቨሩን ያጥፉ።

ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ኢትዮሳት በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ በኮምፓስ 115 ዲግሪ አካባቢ፣ ከፍታው 66 ገደማ ነው። ስለዚህ ዲሹ ከመዞሩም በላይ በደንብ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት። ኮምፓሱን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ይመልከቱ፤ ብረት ያሳስተዋል።

ቀጥሎ ፍለጋው ነው። ይህ ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የሳህኑ የጎን ጠርዝ 8 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ዲሹ 1 ዲግሪ ዞሯል፤ ያኔ ሲግናሉ በግማሽ ይወርዳል። በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅሱ፣ በየመሃሉ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ሪሲቨሩ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል።

እኔን ያስቸገረኝ ግን ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ነው። ሪሲቨሩ ከሚያሳያቸው ሁለት መለኪያዎች ስትሬንግዙ (የሲግናሉ ኃይል) ከፍ ብሎ፣ ኳሊቲው (የሲግናሉ ጥራት) ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረኝ። ኬብል ቀየርኩ፣ ሪሲቨር ተዋስኩ፤ ሁለት ቅዳሜ አለፈ። ጥፋቱ ኤልኤንቢውን ለናይልሳት እንደተዘመመ መተዌ ነበር። ሞገዱ አግድም ወይም ቁም ሆኖ ይላካል፤ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ግን በምሥራቅ ያለው የኢትዮሳት ሞገድ ወደ ግራ 63 ዲግሪ ገደማ፣ የናይልሳት ደግሞ ወደ ቀኝ 77 ገደማ ዘሞ ይደርሰናል። ኤልኤንቢው ካልተስተካከለ አግድሙና ቁሙ ይቀላቀላሉ፤ ስትሬንግዝ የተቀላቀለውንም ይቆጥራል፣ ኳሊቲ ግን አይቆጥርም። የሁለቱ ልዩነት 140 ዲግሪ ነው፤ ግማሽ ዙር (180) መልሶ ያው ስለሆነ ግን የሚያስፈልገው ቀሪው 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፦ ከዲሹ ጀርባ ቆመው ወደ ሳተላይቱ ሲያዩ፣ በሰዓት አቅጣጫ። ማሰሪያውን ያላሉ፣ ኳሊቲው ጫፍ እስኪደርስ ቀስ ብለው ያዙሩ።

ቡሎኖቹን ሲያጠብቁ ዓይንዎ ከኳሊቲው አይራቅ። አንዱን እስከ መጨረሻ ካጠበቁት ዲሹ ይሸሻል፤ በየተራ ትንሽ ትንሽ ያጥብቁ። የኬብሉን ጫፍ በላስቲክ ይሸፍኑ፤ የክረምት ውኃ በዚያ ነው የሚገባው።